ኪራይ የከፈልኩበት ወር የማን ነው?

ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ሦስት ሰዓት አልሞላም። ሚስቴ ከወለደች ሃያ ሁለተኛ ቀኗ ነው። ሕፃኑ ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ እሱም እሷም ገና አሁን ነው እንቅልፍ የወሰዳቸው። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ፍርፍር እየበላሁ ነው። በር ተንኳኳ። ስከፍት ደላላው ቆሟል። ከኋላው ባልና ሚስት፣ ከነሱ ኋላ አንድ ወጣት፣ ከሁሉም ኋላ ስልኩን እየነካካ የአከራያችን ልጅ።

«ቤት ሊያዩ ነው» አለኝ ደላላው። ፈቃድ እየጠየቀኝ አልነበረም፤ እየነገረኝ ነው።

«አራስ አለች፣ አሁን ነው የተኛችው…» ብዬ ሳልጨርስ ሰዎቹ ከነጫማቸው ገብተዋል። ሴትየዋ የኩሽናውን ቧንቧ ከፍታ ዘጋች። ወጣቱ የመታጠቢያ ቤቱን መብራት አበራ። ደላላው የመኝታ ቤቱን በር ገፋ አድርጎ «ይኼ ዋናው መኝታ ነው፤ ቁም ሳጥኑ የተከራዮቹ ነው፣ ይወጣል» አለ። ሚስቴ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ስባ ተነስታ ተቀመጠች። ሕፃኑ ነቃ።

ያን ቀን ቤቱን ለማስረከብ አምስት ሳምንት ይቀረኝ ነበር። የአምስቱም ሳምንት ኪራይ በባንክ ገብቷል፤ ደረሰኙ ስልኬ ላይ አለ። እንደምወጣ የተናገርኩት ራሴ ነኝ፣ ከሁለት ወር በፊት፣ በጨዋ ደንብ፣ አከራያችን ሳይቸገሩ ሌላ ሰው እንዲፈልጉ ብዬ። ሽልማቴ ይኼ ሆነ። ከዚያች ቅዳሜ በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት ስንት ሰው ቤቴን እንዳየ ቆጥሬያለሁ፦ አሥራ ዘጠኝ። አንዳቸውንም በስም አላውቃቸውም። ሲመጡ አስቀድሞ የደወለልኝ ሰው ደግሞ አንድም የለም።

ወዳጆቼ፣ ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። እኔ ወጥቻለሁ፤ ሌላ ሰፈር ገብቻለሁ። የምጽፈው በዚህ ከተማ ተከራይቶ የኖረ ሰው ሁሉ ይህን ነገር ስለሚያውቀውና ማንም እንደ ጉዳይ ስለማይቆጥረው ነው። ስለ ኪራይ ጭማሪ ስንት ተጽፏል፣ ስንት ተጮኋል። ስለ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ግን ዝም ነው። ተከራይ «እወጣለሁ» ካለባት ደቂቃ ጀምሮ ቤቱ ገበያ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ገበያው መሀል አልጋ አንጥፎ የተኛ ሰው።

ሲጠየቁ ሁሉም የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፦ «ቤቱ የኛ አይደለም እንዴ?»

ነው። ማን ካደ? ካርታው በእርስዎ ስም ነው። መሸጥ ይችላሉ፣ ማውረስ ይችላሉ፣ በባንክ ማስያዝ ይችላሉ። አንድ ነገር ግን ሸጠውልኛል፦ በዚያ ወር ውስጥ እዚያ ቤት ውስጥ የመኖርን መብት። ኮንትራት ታክሲ ይዛችሁ ታውቃላችሁ። ከመገናኛ ሳሪስ ድረስ ዋጋ ተነጋግራችሁ፣ ከፍላችሁ፣ ቦሌ ላይ ስትደርሱ ሹፌሩ «አንድ ሁለት ሰው ልጫን፣ መኪናው የኔ አይደል?» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? መኪናው የሱ መሆኑ ላይ ክርክር የለንም። ጉዞው ግን የኛ ነው። ሳሪስ አድርሶን ሲመለስ የፈለገውን ይጫን።

ሕጉም የሚለው ከዚህ አይርቅም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወቱ የመከበር መብት ለማንኛውም ሰው ነው ያለው፤ መኖሪያ ቤቱ እንዳይበረበር መጠበቅንም እዚያው አካቶታል። «ለባለ ካርታ» አላለም። ከሱ በፊት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 13 ላይ የሰው መኖሪያ የማይደፈር መሆኑን፣ ሕግ ከፈቀደው ውጭ ማንም ሰው ያለ ነዋሪው ፈቃድ መግባት እንደማይችል ደንግጓል። እዚያም ላይ የሚጠበቀው መኖሪያው ነው፤ ንብረትነቱ ሌላ ክፍል፣ ሌላ አንቀጽ አለው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 604 ደግሞ ያለ ሕጋዊ ሥልጣን፣ ቤቱን በሕጋዊ መንገድ ይዞ ከሚኖረው ሰው ፈቃድ ውጭ መግባትን ወንጀል ያደርገዋል። ይዞ የሚኖረው ሰው ማነው? እዚያ ቤት የተኛው፣ የበላው፣ ኪራይ የከፈለው ነው።

አከራይን በወንጀል ክሰሱ እያልኩ አይደለም። እኔም አልከሰስኩም፤ አልከስም። ለማለት የፈለግሁት «ቤቱ የኛ ነው» የሚለው መልስ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለመሆኑን ነው። የባለቤትነት ጥያቄ አልጠየቅንም።

ሁለተኛው መልስ ደግሞ ባህል ነው። «ሐበሻ ነን፣ ሰው ከደጅ ይመለሳል እንዴ?» ይሉናል። ይኼኛው ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ፤ ባህሉ ተገልብጦ ስለሚጠቀስ። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ሰው የሰው በር ላይ ሲደርስ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ከውስጥ «ማነው? ግቡ» እስኪባል ድረስ አንድ እግሩን አያስገባም። የአራስ ቤት ከሆነ ደግሞ ጎረቤት እንኳ ሰዓት መርጦ፣ አጥሚቱን ይዞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚገባው። እንግዳ የሚከበረው ባለቤቱ ስለሚቀበለው ነው። ደላላ እየነዳ ያስገባው ሰው እንግዳ አይባልም። ለነገሩ ሰዎቹ ላይም አልፈርድም፤ እነሱም ቤት ጠፍቶባቸው ነው የሚዞሩት።

አልፈርድም ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔም አድርጌዋለሁ።

ከአራት ዓመት በፊት ቤት ስፈልግ አንድ ደላላ ጎፋ አካባቢ ወደ አንድ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ወሰደኝ። ተከራይዋ የለችም። አከራዩ በራሱ ቁልፍ ከፈተልን። ገባሁ። አልጋው አልተነጠፈም። መስኮቱ ላይ በተዘረጋ ገመድ የውስጥ ልብሷ ተሰጥቷል። ጠረጴዛው ላይ ደብተር ተከፍቶ፣ እስክሪብቶው መሀሉ ላይ ተኝቷል፤ ተማሪ ናት መሰለኝ። የመድኃኒት ብልቃጥም ነበር። እኔ ቆሜ «ውሃ አይቋረጥም?» ብዬ ጠየቅሁ። «በጭራሽ» አለኝ አከራዩ። ልጅቷ እዚያ ብትሆን ኖሮ እውነቱን ትነግረኝ ነበር፤ ውሃው በሳምንት ሁለት ቀን እንደሚመጣ፣ እሱም ሌሊት እንደሆነ ያወቅሁት ከጎረቤት ነው። ያኔ የተሰማኝ ሀፍረት አሁንም አልለቀቀኝም። ያኔ ግን ዝም ብዬ ወጣሁ። ለልጅቷ «ቤትሽ ገብተን ነበር» ያላት ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፤ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ቤት ማሳየት ላይ ሥርዓት ይኑር ስንል የምንከላከለው ለሚወጣው ተከራይ ብቻ ይመስላል። አይደለም። ለሚገባውም ነው። ቤቱ ውስጥ ሁለት ዓመት የኖረ ሰው ስለዚያ ቤት የሚያውቀውን አከራዩም ደላላውም አያውቁትም። ክረምት ላይ የቱ ግድግዳ እንደሚያልብ፣ ላይኛው ፎቅ ያለው ሰው ሌሊት ሌሊት ምን እንደሚወቅጥ፣ ቆጣሪው ለብቻ ይሁን በጋራ፣ የጥበቃና የጽዳት መዋጮ ስንት እንደሆነ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ የውሃ ፓምፑም እንደሚቆም። ተከራዩ ባለበት ቤት ማየት ማለት ይህን ሁሉ መጠየቅ መቻል ነው። ተከራዩ በሌለበት በመለዋወጫ ቁልፍ ከፍቶ ማሳየት የሚመርጡ አከራዮች ለምን እንደሚመርጡት አስቡት።

ከሁሉ የከፋው ግን እወጣለሁ ያለውን ሰው ቤት ማሳየት አይደለም። እወጣለሁ ያላለውን ሰው ቤት ማሳየት ነው።

ይህን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ውላችሁ አላለቀም። ማንም ውጡ አላላችሁም። አንድ ቀን አከራይ ከሰው ጋር ይመጣሉ። «ምን መሰላችሁ፣ የወንድሜ ልጅ ነው፣ ቤቱን እንዲያው ይየው ብዬ ነው።» በሳምንቱ ሌላ የወንድም ልጅ ይመጣል። በሦስተኛው ሳምንት ደላላ። ማንም ቃል አይተነፍስም፤ ግን መልእክቱ ደርሷል፦ «ከእናንተ የተሻለ የሚከፍል አለ።» በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ ይሁን ብሏል። ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ እንዲሆን አድርጓል። ጥሩ ነው። ግን ጭማሪ በሕግ ሲያዝ ሰው የማይያዝበትን መንገድ ይፈልጋል። ተከራዩን «ውጣ» ማለት ካስቸገረ፣ እንዲመረውና ራሱ «ወጣሁ» እንዲል ማድረግ ይቻላል። በየሳምንቱ እንግዳ እያመጡ አልጋውን ማሳየት ርካሽ ዘዴ ነው። ማስረጃ የለውም። ማንም «ቤቴን ለዘመድ አሳየሁ» ተብሎ አይከሰስም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ ተደርጎበት ወጥቷል። ሦስት ልጆች አሉት። ሚስቱ «በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ይመታል» ስትል ነው የወሰነው። ወረቀት ላይ የወጣው በራሱ ፈቃድ ነው።

ከዚህ ላይ ስልክና ካሜራ ጨምሩበት። ድሮ ቤት ያየ ሰው አይቶ ይሄዳል። አሁን ቀርጾ ይሄዳል። ደላሎቹ እዚሁ ቴሌግራም ላይና ቲክቶክ ላይ ይለጥፉታል፦ «ፅድት ያለ ባለ ሁለት መኝታ፣ ውሃ 24 ሰዓት» (የ24 ሰዓቱን ነገር ለራሳችሁ ተዉት)። ያ የባልደረባዬ ቤት ቪዲዮ አንድ ቻናል ላይ ወጥቶ ነበር። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የልጁ የምረቃ ፎቶ ይታያል፤ የመዋዕለ ሕፃናቱ ስም ከነዓርማው ይነበባል። የሕንፃው ቁጥር ደግሞ ማስታወቂያው ግርጌ ተጽፏል። እንግዲህ የሕፃኑ መልክ፣ የሚማርበት ቦታና የሚያድርበት በር አንድ ላይ ለማያውቀው ሕዝብ ተሰጠ። ደላላውን ደውሎ ቢጠይቀው «ወንድሜ፣ እኔ እኮ የቀረጽኩት ቤቱን ነው» አለው። አባት ከዚህ በኋላ ምን ይበል?

የጠፋ ዕቃስ? ቀለበት ቢጠፋ፣ ላፕቶፕ ቢጠፋ፣ ማንን ትይዛላችሁ? አከራይ «ደላላውን ጠይቅ» ይላሉ። ደላላው «ሰዎቹን እኔም ያየኋቸው ያን ቀን ነው» ይላል። አሥራ ዘጠኝ ሰው፣ አንድም መታወቂያ ያልታየበት፣ አንድም ስም ያልተጻፈበት። ሱቅ እንኳ እንዲህ አይከፈትም።

አሁን ወደ አከራይ ወገን ልምጣ፤ እውነት አለውና።

አከራያችንን እትዬ እላቸዋለሁ። ጡረተኛ ናቸው። የጡረታ አበላቸው ከወር ወር እንደማያደርስ ለማንም አይጠፋም፤ የሚኖሩት በዚያች ባለ ሁለት መኝታ ኪራይ ነው። ቤቱ አንድ ወር ባዶ ከተቀመጠ ያ ወር ጤፍ የሌለበት ወር ነው። ስለዚህ እኔ ሳልወጣ ቀጣዩን ተከራይ ማግኘት ለሳቸው የኑሮ ጉዳይ ነው። ይህን አልክድም፤ «ተከራይ ሳይወጣ ቤት ፈጽሞ አይታይ» የሚሉትንም አልደግፍም። እኔ ራሴ ያገኘሁት አዲሱ ቤት ሰው እያለበት የታየ ነው። በር ዘግተው፣ ስልክ አጥፍተው፣ አከራይን ለወራት የሚያሰቃዩ፣ ጭራሽ የመጨረሻውን ወር ሳይከፍሉ በሌሊት ዕቃ ጭነው የሚጠፉ ተከራዮችም አሉ። እሱ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ እጽፈውም ይሆናል።

ሌላም አለ። በእትዬ ዕድሜ ያለ ሰው 1967ን ያስታውሳል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆን፣ ቤት አለኝ ብሎ ያደረ ሰው የለኝም ብሎ ነጋበት። ተከራይ የነበረው ኪራዩን ለቀበሌ መክፈል ጀመረ። ያን ያየ ትውልድ ቁልፍ ሲሰጥ እጁ ይንቀጠቀጣል። ተከራይ «ዛሬ አይመችም» ሲለው የሚሰማው ሌላ ነገር ነው፤ «ቤቴን ሊወስድብኝ ነው» የሚል። እትዬ አንድ ቀን በስልክ «ልጄ፣ በገዛ ቤቴ ሰዓት ትሰጠኛለህ?» ያሉኝ ለዚህ ይመስለኛል። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ብቻ አልነበረም።

ግን የእሳቸውን ፍርሃት የምከፍለው እኔ፣ በአራስ ሚስቴ እንቅልፍ፣ መሆን የለብኝም።

ሰው ሌላ አገር ምን ያደርጋል የሚለውን ብዙ ጊዜ አልወደውም፤ የኛን ኑሮ ከነሱ ጋር ማወዳደር አንዳንዴ ቧልት ነው። ይህን ግን የማነሳው እዚያው የሚኖሩ አንባቢዎች ስላሉን ነው። የኛ ሰው በብዛት በሚኖርባት ዋሽንግተን ዲሲ፣ አከራይ ቤቱን ለቀጣይ ተከራይ ለማሳየት መግባት ይችላል፤ ግን ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፣ ሰዓቱም በቀን ብርሃን ነው። ካሊፎርኒያ ላይ 24 ሰዓት ነው። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሕጎች ማሳየትን አልከለከሉም። ፈቅደዋል። የፈቀዱት ግን እንደ ቀጠሮ ነው። አከራይ አልከሰረም፣ ተከራይም አልተዋረደም። ለዚህ ደግሞ የአሜሪካ ሀብት አያስፈልግም፤ ስልክ መደወል ነው። አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰኮንድ።

እኔ የምለው ይህን ነው። ተከራይ ወይም አከራይ ውሉ የሚያበቃበትን ቀን በጽሑፍ ካላሳወቀ ቤት አይታይ፤ ዘመድም ይሁን የወንድም ልጅ። ካሳወቀ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለቱ በተስማሙበት ሰዓት ይታይ፤ ሰዎቹም ካንድ ቀን በፊት ይነገሩ። ተከራዩ ወይም እሱ የወከለው ሰው ቤት ውስጥ ይኑር። ቁልፍ ለደላላ አይሰጥ። ቤቱ ውስጥ የሰው ዕቃ እያለ ፎቶም ቪዲዮም አይነሳ፤ ካስፈለገ ተከራዩ ራሱ ዕቃውን ሰብስቦ አንስቶ ይላክ። ሕመምተኛ፣ አራስ፣ ሐዘን ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ… ይኼንንስ መጻፍ ነበረብን? ግን እንጻፈው። በምላሹ ተከራይም በተስማማበት ቀን በር ይክፈት፤ ካልከፈተ አከራዩ የሚጎዳውን ያህል ይጠየቅ። ይኼ ሁሉ ውሉ ላይ ከአራት መስመር አይበልጥም። ውሉ ደግሞ አሁን የግድ የሚጻፍና የሚመዘገብ ነው፤ ወረቀቱ ተገኝቷል፣ መስመሩን መጨመር ነው የቀረን።

«ይኼ የሀብታም ወግ ነው፤ ሰው መጠለያ ባጣበት ከተማ ስለ ቀጠሮ ታወራለህ» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። መልሴ፦ ቀጠሮ የሚያስፈልገው ሀብታሙን አይደለም። ቪላ የሚከራይ የድርጅት ሠራተኛ ቤት ደላላ እየገፈተረ ሲገባ አይታችኋል? እሱ ጋ አስቀድሞ ይደወላል፤ «ይመችዎታል ወይ ጌታዬ?» ይባላል። በሩ የሚገፋው የሰርቪስ ቤት ተከራይ ነው፣ የኮንዶሚኒየም ተከራይ ነው፣ ብቻዋን የምትኖር ልጅ ናት። አንዲት ክፍል የተከራየች ሴት የምትለብስበትም፣ የምትተኛበትም፣ የምታበስልበትም እዚያው ነው። የሷ በር ሲከፈት የሚታየው ሁሉ ነገሯ ነው። ሳሎኑን አሳይቶ መኝታ ቤቱን የሚዘጋበት በር የላትም።

እና ለምን እሺ ትላለች? ምርጫ ስለሌላት። የምትወጣው ሰው ገና ከአከራይ እጅ የምትጠብቀው ነገር አለ። ቅድሚያ የተከፈለ ገንዘብ ይኖራል። ዕቃ የምታወጣበት ቀን በሰላም ማለፍ አለበት፤ ያን ቀን አከራይ «ይቺ መስታወት አልተሰነጠቀችም ነበር» ካለ ጣጣ ነው። የመብራትና የውሃ ሒሳብ ይተሳሰባል። ስለዚህ ትስቃለች፣ «ግቡ ግቡ» ትላለች፣ ቡና እንኳ ታፈላ ይሆናል። አከራይም ያን ሳቅ አይቶ «ምን ችግር አለው፣ ደስ ብሏት እኮ ነው» ይላል።

እኛ ቤት የሆነውን ልጨርስ።

ያን ቅዳሜ ሰዎቹ ከወጡ በኋላ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍኩ፦ ረቡዕ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ማታ፣ ቅዳሜ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ከሰዓት፤ አንድ ቀን አስቀድሞ ይደወል፤ መኝታ ቤቱን እኔ አሳያለሁ። ፈርሜ፣ ፎቶ አንስቼ ለእትዬ ልጅ ላክሁለት። ደላላው «ሰው ያመልጠናል» ብሎ ጮኸ። እትዬ ሁለት ቀን ስልኬን አላነሱም። በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ደውለው «እሺ፣ ያልከው ይሁን። ግን ልጄ፣ አንድ ወር ባዶ ቢሆንብኝ ትከፍለኛለህ?» አሉኝ። «በተባባልነው ቀን በር ካልከፈትኩ ይጠይቁኝ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «አራሷ እንዴት ናት?» አሉ። እስከዚያ ቀን ጠይቀው አያውቁም ነበር፤ ማርያም ትርዳት ብለው ዘጉት። በማግሥቱ ግማሽ ኪሎ የገብስ ዱቄት በልጃቸው ላኩ።

ከዚያ በኋላ የመጡት በድምሩ አምስት ሰዎች ናቸው። አራተኛዎቹ ባልና ሚስት ውሃ መቼ መቼ እንደሚመጣ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው፣ ሁለቱን በርሜሎች አሳየኋቸው። የምዕራቡ ግድግዳ ሐምሌ ላይ እንደሚያልብም ነገርኳቸው። ደላላው ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ተከራዩት። አሥራ ዘጠኙ ሰው ከነጫማው ገብቶ ያልተከራየው ቤት ማለት ነው። ደላላው ግን እስከ ዛሬ «በአንተ ምክንያት ሁለት ጥሩ ሰዎች አምልጠውኛል» ይለኛል፤ ምናልባት እውነቱን ይሆናል።

ቁልፍ ያስረከብኩ ዕለት አዲሶቹን ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። ስለነዚያ አራት መስመሮች ነገርኳቸው፤ አሁኑኑ፣ ውሉ ሳይፈረም፣ አስገቡት አልኳቸው። ባልየው ሚስቱን አየ። ሚስቱ ፍራሹን እንደተሸከመች ሳቀች። «ኧረ ወንድሜ፣ ገና ዛሬ እየገባን ስለ መውጣት ስናወራ ምን ይሉናል?» አለችኝ።